ማን ይቀድማል

ጠዳ ሜዳ ወርደን፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
ሦስት እግሩን ዘርግቼ ሳጥኑን ሳቀና፣
አያ ይግዛው ቆሟል ምንሽሩን አዝሎ፣
ሰባት ጥይት ይዞ በመሐረብ ጠቅልሎ።
የአንዷን ዋጋ ስጠይቀው በጤፍ ቁና ነገረኝ።
የቀበሌው ሚሊሻ ፈቃዳችንን አንብቦ
ግራር ሥር ሸንኮራ ይልጣል።

ትናንት ከኮሌጁ በር ነው የጠበቀኝ፣
ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ።
«ያ የምትለካበት ነገር የኔንም ይለካል?»
ሰላምታ እንኳ አላስቀደመ።

ሳጥኑ ከዳዊት አይበልጥም፤ ራዳር ነው።
የማይታይ ሞገድ ወደፊት ይሰዳል፣
ሞገዱ ጥይቱን ነክቶ ይመለሳል፣
ከዚያ ቁጥር ይጽፋል። ሌላ ነገር አያውቅም፤
አነጣጣሪውን አያይ፣ ዒላማውን አይጠይቅም።

አፈሙዙ አጠገብ፦ ሰባት መቶ ስልሳ
ሜትር በአንዲት ሰከንድ።
ሳጥኔን ተሸክሜ ወደ ዒላማው ሄድኩ፣
መቶ ሜትር፤ ከአፈር ክምር ኋላ አጎነበስኩ፤
ጨርቅ እንደሚቀደድ አለፈ፦ ሰባት መቶ አንድ።
የጠዋቱ አውሮፕላን ወደ አዘዞ እስኪወርድ ተኩስ አቆምን።
ሦስት መቶ ሜትር፦ አምስት መቶ ዘጠና።
አምስት መቶ ሜትር፦ አራት መቶ ሰማንያ ስምንት።
ከዚያም ዝቅ፣ ከዚያም ዝቅ።

«ጥይትም ይደክማል?» አለኝ፣ ስመለስ፣
ደብተሬን በትከሻዬ በኩል አይቶ፣
ፊደሉን ባይለይም ቁጥሩን ለይቶ።
«ድምፁሳ?»
«ድምፁ ሦስት መቶ አርባ ነው፤ እዚህም እዚያም ያው።»
«እንግዲያ ከሰማንያ እርምጃ ማን ይቀድማል?»

ዝም አልኩ።
ሰማንያ እርምጃ ከእሱ ማሳ እስከ እኛ አጥር ነው፣
አዘዞ፣ ከባሕር ዛፉ ድንበር ወዲህና ወዲያ።
በዚያ ድንበር ተካሰው ነበር አባቴና እሱ።
የዚያን ጥር ቅዳሜ ሰርግ ነበር በየዳሱ።
እሱም ዝንጀሮ ሊያባርር ከማሳው ተኩሷል፤
ምንሽሩ ሲሸተት ባሩድ ባሩድ ብሏል።
የሻረግ፣ እህቴ፣ አጥር ላይ ልብስ ስታሰጣ
«ማነው የተኮሰው?» አለች፤ ዞር አለች፤
ከዚያ ወደቀች።

አሥራ ስድስት ዓመት እናቴ ይህንኑ ታወራለች፣
ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳታጎድል።
ፊዚክስ ተማርኩ፤ ፊዚክስ አስተማርኩ፤
የእናቴን ወሬ ግን አንድ ቀን አልለካሁትም።

ከሰማንያ እርምጃ በቀጥታ የመጣ
ማንንም አያስጠይቅም፤ ከድምፁ ቀድሞ ይገባል።
እሷ ሰምታ፣ ጠይቃ፣ ዞራ ከሆነ
ያ ጥይት ደክሞ ነበር፤
ከሰማይ ሲመለስ ነው ያገኛት።

«ይህን እኮ አውቅ ነበር» አለ፣ ቀለሆቹን እየለቀመ፣
«ቆላ ወርጄ አድኛለሁ፤ ደንግጦ የሸሸም፣ ሳይሰማ የወደቀም አይቻለሁ።
ለሽማግሌዎቹ ግን ቁጥር አልነበረኝም።
ቃል ብቻ ነበረኝ፤
የገዳይ የተባለ ሰው ቃል ደግሞ ለቅሶ ፊት አይቆምም።
ሁለት በሬ ከነቀንበሩ ሰጠሁ፤ ቀዬዬን ለቀቅሁ።»

አልተቆጣም። የከበደኝ እሱ ነው።

በመሐረቡ ውስጥ አንዲት ጥይት ቀርታለች።
«ይህችንስ» አለ፣ «ወደ ላይ ብተኩሳት፣
ስትመለስ በስንት እንደሆነ ይነግርሃል?»

አባቴ ያን ቅዳሜ፣ ከሙሽራው ዳስ ደጅ፣
ሦስት ጊዜ ተኩሷል፤ ወደ ሰማይ፣ ደስ ብሎት።
ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፣
ጭሱ ገና ከአፈሙዙ አልለቀቀም።

«ሳጥኑ ወደ ላይ አያይም» አልኩት።
ጥይቷን መልሶ ጠቀለላት።
የሳጥኑ አንገት በአንዲት ብሎን ይታጠፋል።