የተዘጋ ድምፅ

ጥቅምት ኢሪ ሐይቅ ላይ ግራጫ ሲለብስ፣
ከማዶ ከካናዳ ነፋሱ ሲነፍስ፣
በረዶው እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ፣
ሁለት ጭንቅ ታቅፌ
አድራለሁ፤ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ደግሞ ምርጫ።
የከተማው በረዶ ጠራጊ ነኝ፤ ረስ ሆቫኔክ እባላለሁ፣
በበረዶ ሰው ያውቀኛል፣ በመጸው እረሳለሁ።

ቤዝቦሉ ቀድሞ ሞተብኝ።
መቶ ስልሳ ሁለት ጨዋታ ቆጥሬ፣
ከሚያዝያ ጀምሬ፣
ራዲዮኑን ከጋራዡ ጣሪያ በሽቦ አስሬ፣
በዘጠነኛው ዙር፣ በመጨረሻው ሰው፣
ኳሷ ከጓንቱ ጫፍ እንደ ሳሙና ሾልካ፣
የአንድ ጣት ያህል ጎደለ። አንድ ጣት! ለካ
በጋ ማለት ይኸው ነው፤
አንድ ጣት ሲጎድል ሜዳ ላይ የሚቀር ነው።

ጎረቤቴ ኤልዉድ ታምስ የእጩውን ስም ሣሩ ላይ ተከለ፣
በማግስቱ የእኔም ሰሌዳ ከአጥሩ ወዲህ በቀለ።
ሃያ ስድስት ዓመት ያንድ ቡድን ደጋፊ ነን፣
ዘንድሮ ግን በየቅል ደጋፊ ሆነን፣
ስለ ዛፉ ብቻ እናወራለን።
ዛፉ የእሱ ነው፤ ቅጠሉ የእኔ ጣጣ፤
ነፋስ በመጣ ቁጥር፣ ሜፕሉ ወርቁን ጭኖ
ወደ እኔ ግቢ ይሰደዳል።

አንድ ማታ ስልክ ጮኸ። የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ልጅ ናት፣
ከወረቀት የምታነብ፣ እንቅልፍ ያሸነፋት።
«እጩህን በጣም ትደግፋለህ፣ በመጠኑ፣ ወይስ ጥቂት?»
ምን ልበላት?
አሥራ አንድ ዓመት ዋንጫ ላላየ ቡድን
አንዲት ኮፍያ ሳላጥብ አጥልቄያለሁ።
ድጋፍ በጣሳ ይሰፈራል እንዴ?
ዘጋሁባት። ጥያቄዋ ግን አልዘጋ አለኝ፤
ከአልጋ አስነስቶ ወጥ ቤት አስቀመጠኝ።
ቡድኔ ሲሸነፍ፣ አሰልጣኙ ይባረር ብዬ እጮኻለሁ፤
እጩዬ ሲሸነፍ፣ ዳኛው ነው እላለሁ።
የቱ ነው ፍቅር? የቱ ነው እልህ?
ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ
ተራው እስኪደርስ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤
የምክር ቤት ወንበር ያገኘ ሰው ግን
ተቀያሪ መኖሩን መች ያውቃል?

ዓርብ ማታ የትምህርት ቤቱ ጨዋታ ነበር።
የአሉሚኒየሙ አግዳሚ አጥንት ይሰብራል።
ኤልዉድ ብርድ ልብሱን እኩሌታ ጣለልኝ፣ ሳልጠይቀው።
ኳስ ወርዋሪው የልጅ ልጁ ትሬንት ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
ከራስ ቁሩ በታች ብጉር የሞላው ፊቱ።
«ወርውር!» አልን አብረን። «ያዘው!» አልን አብረን።
«ዳኛው ዕውር ነው!» አልን፣ አንድ አፍ ሆነን።
ሃያ ለአሥራ ሰባት ተሸነፍን።
ወደ ቤት ስመለስ ድምፄ እንደ ዛገ ማጠፊያ
ሲጢጥ ብሎ ቀረ።

ማክሰኞ። ምርጫው በዚያው ትምህርት ቤት፣ በቅርጫት ኳሱ አዳራሽ።
የውጤት ሰሌዳው በርቷል፣ ማን እንደረሳው እንጃ፦
ባለሜዳ ዜሮ። እንግዳ ዜሮ።
ተሰልፌ አሰብኩ፤ እንግዳው ማነው ዘንድሮ?
ወይዘሮ ላቨርን ፒትካ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰቅላ
ስሜን ጠየቀችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አየር ብቻ ወጣ።
«ምነው ረስ? ድምፅህ የት ሄደ?»
«ዓርብ ዕለት ሰጠሁት» አልኩ በሹክሹክታ።
ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቀች።
ከዚያ ወረቀቱን አቀበለችኝ፤ ሌላ ድምፅ፣ ጩኸት የሌለው፣
በጥቁር ብዕር የሚሞላ፣ የምስር ፍሬ የሚያህለው።

ስወጣ ኤልዉድ በሩ ላይ። ጉሮሮውን በጣቱ አሳየኝ፤
የእሱም ተዘግቷል። የሳል ከረሜላ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።
ማንን መረጥክ አልተባባልንም፤
በምን አፋችን?

ሌሊት አሥር ሰዓት ከዴፖው ተደወለ፤ በረዶ ጥሏል።
ውጤቱን አልሰማሁም፤ የመኪናው ራዲዮ ከአምና ጀምሮ ተበላሽቷል።
ሰሌዳዎቹ በየደጁ ነጭ ኮፍያ አጥልቀው
ቆመዋል፣ የማን ስም እንደሆነ ሳይለይ።
የኤልዉድ ደጅ ስደርስ ማረሻውን ወደ ማዶ አዞርኩት፣
መኪና መውጫውን እንዳልደፍንበት።
ሰሌዳውንም አልነካሁበት።
ቅጠሉ ግን አሁንም ከበረዶው ሥር አለ፤
በእሱ፣ ሲቀልጥ፣ እንነጋገራለን።