የሰናፍጭ ውሃ

ደመናው ተነስቶ ከገሞራው ጫፍ ላይ፣
ጓድሉፕ ታጥባ ስትወጣ ለፀሐይ፣
ማዳም ኤውዶክሲ ዘንድ ደረስኩ፣ ከኋላ ጓሮ፤
ትል መቁጠር ሆኗል የኔ እንጀራ ዘንድሮ።

ሥራው ቀላል ነው፤ በአራት ጣውላ መሬት ታጥራለህ፣
ሰናፍጭ በጥብጠህ በቀስታ ትደፋለህ፣
ከዚያ ትጠብቃለህ።
ከታች የተኛው ትል፣ ቆዳው ሲለበለብ፣
ይወጣል ወደ ላይ፣ እንደ ተጠራ ሕዝብ።

እሷ ከደጃፏ፣ ከፕላስቲክ ወንበር፣
እግሯን ውሃ ነክራ ታየኝ ነበር።
«በስንት ደቂቃ ነው?» «በአሥር» ስላት፣ «አሥር!
ሃምሳ ዓመት ጠብቄያት አልወጣትም ነገር።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በሙሴ ላሮንድ እርሻ፣
ለየሙዙ እግር ሥር አንድ ኩባያ ጉርሻ፤
ነጭ ዱቄት ነበር፣ ሽታ እንኳ የለውም፣
ነቀዙን ይገላል፣ ሰውን አይነካውም
አሉን፤ አመንናቸው። ጓንት ማን አይቶ ያውቃል?
በበተንበት እጅ ቀትር ላይ ዳቦ ይቆረሳል።
ነቀዙ ሞተ፣ እውነት። ላሮንድም ሞተ፣ ቆየ።
ሙዙ በመርከብ ሄዶ ሩቅ ገበያ ታየ።
ዱቄቱ ግን ቀረ።

«አንዱ መቶ ዓመት ይላል፣ ሌላው ሰባት መቶ፤
ማን ይመሰክራል እስከዚያ ቆይቶ?
ዝናብ ከኮረብታው ጠርጎ ለወንዝ ሰጠ፣
ወንዙም እንደ አደራ ወደ ባሕር ሮጠ።
ኦዋሱ የምንለውን፣ ባለ ረጅም ጥፍሩን፣
ወንድሜ ፊርሚን ሌሊት በፋኖስ የሚያጠምደውን፣
ዛሬ ድልድዩ ላይ በቀይ ጽፈውበታል፤
ሸርጣኑም፣ ዓሣውም፣ ሁሉም ተከልክሏል።
የጓሮዬን ቦዬ፣ ከአፈር ሥር የሚበቅል፣
ልጣጩ ወፍራም ይሁን አሉ፤
መርዝና ምግቡን ቢላ እንዴት ይከፍል?

«ባለፈው ነርስ መጥታ ከክንዴ ደም ቀዳች፣
ከወንዙ ሸርጣን ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ሰጠች።
እኔና ሸርጣኑ…» ብላ ሳቀች ረዥም፣
«ዘመዳሞች ነን ለካ፤ ተዋውቀን አናውቅም!»

ሰባት ደቂቃ ሆነ።
ከላይ ከጫካው ውስጥ፣ ሙዝ ባልደረሰበት፣
ትናንት ሠላሳ አንድ ቆጥሬያለሁ፣
ጥንዚዛው፣ መቶ እግሩ፣ ስሙን የማላውቀው ቀይ ነገር ሳይጨመርበት።
እዚህ ግን አፈሩ ልስልስ፣ ጥቁር፣ ያማረ፣
ዓይን አይጠረጥረውም፣ ከዝምታው በቀረ።

ሰው ሲሞት እንላለን፣ «አፈሩ ይቅለለው»፤
አፈር ሲሞትስ ግን ምንድን ነው የሚባለው?
«መሬት ምን ትል ይሆን?» ብዬ አጎነበስኩ፤
ቃልም ትልም አጣሁ፣ ሰዓቴን ቆጠርኩ።

በዘጠነኛው ላይ፣ ከጣውላው ጥግ ሥር፣
አንድ ብቻ ወጣ፣ የጫማ ማሰሪያ የመሰለ፣ ቀጭን ነገር።
«አለ!» ብላ ጮኸች፣ ከወንበሯ ሮጠች፤
ብዕሬን ሳወጣ ቀይ ዶሮዋ ዋጠች።

ቆመን ተያየን። ዶሮዋ ምንቃሯን በሣር ጠረገች።
«እንቁላሏን አልበላም፤ ተከልክያለሁ» አለች።
«ታዲያ ለምን ያረቧታል?»
«ጠዋት ጠዋት ትናገራለች።
በዚህ ግቢ ውስጥ ድምፅ ያላት እሷ ነች።»

ወረቀቴ ላይ ሳጥን አለ፣ «ብዛት» የሚል፤
አንድ ነው? ባዶ ነው? ዶሮ ሆድ ያለ ትል
በየትኛው መስመር ይሞላል?
ኤውዶክሲ በትከሻዬ በኩል አይታ፣
እርጥብ እግሯን በጭቃው ላይ አቁማ ትንሽ ቆይታ፣
«ትሉ አንድ፣ ዶሮዋ አንድ፣ እኔም አንድ፤ በል ጻፍ፤
ያው አንድ ዱቄት ነው የገባው በሁላችን አፍ።»

ጻፍኩ። ጣውላዬን ነቀልኩ። ባልዲውን አጠብኩ።
በአውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ከተማ ወረድኩ።
ሰናፍጩ ግን እጄ ላይ፣
እስከ ማታ ድረስ ያቃጥል ነበር፣ ምንም ሳይታይ።