ኩሽኔታ

መዝገበ ቃላቴ፣ ሽፋኑ የተላጠ፣
ከሰኞ ገበያ በመቶ የተሸጠ፣
‹ቶለራንስ› ብዬ ስጠይቀው ማታ
‹መቻቻል› አለና ተኛ በጸጥታ።
መቻቻል አውቃለሁ፤ ያደግሁት ኮምቦልቻ፣
ፋሲካም ዒድም ቢሆን አንበላም ለብቻ፤
መመሪያው የሚለው ሌላ ነው፤ ጨከን ይላል፦
ብረት ስንት ቢስት ይቅር ይባላል?
ከሚሊሜትር ላይ፣ ከመቶው እጅ ሁለት፤
ከዚያ ካለፈማ የለም ምሕረት።

ቀን ቀን ፋብሪካ ነኝ ከጋሽ ሙሄ ጋራ፣
ማታ ማታ ኮሌጅ፣ የኋለኛው ተራ፤
መጽሐፉ፣ ፈተናው፣ የነገው እንጀራ
ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ስሙ የሚጠራ።
‹ፋቲግ› ማለት ድካም። ብረት ይደክማል?
ጋሽ ሙሄ ሰማና ‹እንዴታ!› ይላል፣
‹ሠላሳ ዓመት ዞሮ አንድ ቀን ሳያርፍ
ምን ብረት ቢሆን ነው ጥርሱ የማይረግፍ?›
አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሁለቱ የሉም።

ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ቺንጋ፣ ካቻቪቴ፣
የጋሽ ሙሄ ቃላት፣ የፊተኛ ትምህርቴ፤
ሁሉም አማርኛ ይመስለኝ ነበረ፣
እጁ ላይ እንዳለ ዘይት የተነከረ።
‹ጣሊያንኛ ነው እኮ!› ስለው ሳቀብኝ፤
‹ብሎኑን ከፈታ ቋንቋው ምን አገባኝ!›

ከዚያ አዲሱ ማሽን መጣ፤ ስክሪን ደረቱ ላይ፣
ያለ እንግሊዝኛ ‹እህ› የማይል በሥቃይ።
አንድ ሌሊት ቆመ።
ቀይ መብራት። ቀይ ጽሑፍ።
ጋሽ ሙሄ ‹መነጽሬን!› ብሎ ኪሱን ቢዳስስ፣
መነጽር እንደሌለው እናውቃለን፣ ቢያለባብስ።
ጮኬ አነበብሁት፤ ምላሴ ተያዘ፤
‹ኤክሰሲቭ … ቤሪንግ … ኖይዝ …› ላቤ ቀዘቀዘ።
‹አብሽሪ። ቤሪንግ ምንድን ነው?›
‹ኩሽኔታ።›
‹ታዲያ እንዲያ አይልም?
ድምፁስ?›
‹ከልክ ሲያልፍ።›
‹ልኩ ስንት ነው?›
ገጹን ገለበጥሁት። አይልም።

ካቻቪቴ መዘዘ፤ ጫፉን ብረቱ ላይ፣
እጀታውን ጆሮው ላይ፤ ዓይኑን ጨፈነ እንዳያይ።
‹በቀስታ አሽከርክሪው።› አዞርሁለት በእጄ።
ከዚያ ቦታ ለቆ ‹ነይ ስሚ እስኪ ልጄ።›
ሰማሁ። ክረምት አልፎ ቦርከና ሲጎድል
ጠጠር ከጠጠር ጋር ውስጥ ለውስጥ ሲታገል።
‹ልኩ ይኼ ነው› አለኝ፣ ‹ለመጽሐፍሽ ንገሪው፤
ደሞ ማታ ስትሄጂ መምህሩን ጠይቂው፦
እንግሊዝ ይህን ድምፅ ምን ብሎ ይጠራዋል?›
‹ኖይዝ ነው› አለ መምህር ይማም። እሱማ ሁሉም ይባላል።

ሲኦሲ ፈተናው ደሴ ነው ተባለ፤
ሚኒባሱ በሐረጎ እህህ እያለ፣
በየጥምዙ አንድ ቃል ለራሴ ነገርሁ፣
ቃሉ ቶሎ አለቀ፤ እንደገና ጀመርሁ።
‹ቶርክ› ስል ሾፌሩ ወደ አንድ ማርሽ ቀየረ፤
ትርጉሙ ከወንበሩ እስከ ጥርሴ ነዘረ።

ፈታኙ ጠየቀ፦ ቤሪንግ ለምን ይወድቃል?
የማውቀው ሁሉ ነው፤ አፌ ብቻ ይደርቃል።
ግራመር ጠፋኝና ‹ታየርድ› አልሁ፣ ‹ቬሪ ታየርድ፣ ሰር።›
ሳቀና ጻፈበት። እንጃ፣ የጻፈው ምን ነበር?

ውጤቱ ገና ነው። መመሪያው ኅዳግ ላይ
በእርሳስ ጻፍሁበት፣ ከሠንጠረዡ በላይ፦
‹ልክ፦ ቦርከና ሲጎድል ጠጠሩ እንደሚለው።›
ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጀምሬ ሁለቴ አጠፋሁት፤ ላጲሱ ገጹን ቀደደው።

ጋሽ ሙሄ ትናንትና ጠየቀኝ እንደ ዋዛ፣
ፊቱን ወደ ቺንጋው አዙሮ፦
‹ደሴ መነጽር በስንት ነው የሚገዛ?›