የአንዲት ፊደል እርማት

ሰኔ እዚያም ክረምት ነው። ቺሌ፣ ታልካሁዋኖ፣
ዝናቡ በጎን ይመታል ባሕሩ ላይ ሆኖ።
የዓሣ ዱቄት ሽታ ካፖርት ውስጥ ሲገባ
ሚያራይ ደረሰች ደብተሯን አንግባ፤
የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ፣
የሙስና አዳኝ፣ የምሥጢር ቆፋሪ።
(ይህ ሁሉ በሐሳቧ።)

ዶን ኤውሎሂዮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አንድ ጊዜ አያት፣ ሁለት ጊዜ ስሎ፤
«ሚኒስትር እዚህ የለም። ያለን የዓሣ ዋጋ፣
የሞተ ሰው ስም ነው፣ ማታ ተጽፎ የሚወጣ ሲነጋ።»

ቅር አላት። ግን ጻፈች።
በመጀመሪያው ሳምንት ዐሥራ አንድ ሰው ቀበረች፣
በአራት አራት መስመር፤
«በድንገት»፣ «በሕመም»፣ «ቤተሰብ ዐዘነ»፣
አንዱን ሟች ካንዱ ሟች የማይለይ ነገር።

ሐሙስ ጧት አንዲት ሴት ደረጃውን ወጣች፤
አልጮኸችም፣ አልተቆጣች፣
በላስቲክ የጠቀለለችውን ጋዜጣ አወጣች፣
ጣቷን አንድ ስም ላይ አሳረፈች፦
ሳንቶስ ባኤሳ።
«ባሌ ነው፤ ግን ይህ አይደለም» አለች ኤድልሚራ።
«የሱ በ‹ዜታ› ነው። እናንተ በ‹ኤሴ› ጻፋችሁት።»

ለጆሮ አንድ ናቸው፤
እንደኛው ንጉሡ ‹ሠ›፣ እንደ እሳቱ ‹ሰ›፣
ለሰሚው ያው ድምፅ ነው፣ ለባለቤቱ ግን ቤቱ የፈረሰ።

ሚያራይ «አንድ ፊደል እኮ ነው» ልትል ነበር፣
አፏ ከፈት ብሎ ነበር፣
ሴትየዋ ቀደመቻት፦
«መረብ ጠጋኝ ነበር። ማንበብ አይችልም።
በአርባ ዓመቱ የማታ ትምህርት ገብቶ
ስሙን ብቻ ተማረ። አንድ ክረምት ሙሉ ስሙን።
‹ዜታ›ዋን ይወዳታል፤
ጅራቷን ስቦ ስቦ መንጠቆ ያስመስላታል፣
‹ዓሣ የምትይዝልኝ ይቺ ናት› ይለኛል።»

ዶን ኤውሎሂዮ አልገሠጻትም።
(ቢገሥጻት ይቀላት ነበር።)
ካፖርቷን ከሚስማሩ አውርዶ ሰጣት፦
«እርማቱን አንቺ ጻፊ። ቤቷ ድረስ ሄደሽ። በእግር።»

ዳገቱን ወጣች በቆርቆሮ ቤቶች መሃል፤
ጭቃው ጫማዋን ይዞ «ወዴት?» ይላል።
ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት፦
ከትምህርት ቤት የያዘችው ስንቅ በአምስት ደቂቃ አለቀ፣
ብዕሯ እጇ ላይ ደረቀ።
ዝም አለች፣ ስለ ጨነቃት።
ዝምታዋን ሴትየዋ ጥያቄ መሰላት፣
መለሰችላት።
ስለ ማዕበሉ ሌሊት፣ ስለ ልጃቸው፣
ስለ መርፌው፣ ከብብቱ ስለማይለየው፣
ከዚያ ስለ አንድ ሌላ ነገር፦
«ይህን እንዳትጽፊው።»
ብዕሩን አስቀመጠች።
(እኔም አልጽፈውም።)

እርማቱ ሁለት መስመር ነበር፣ ገጽ ሁለት፣
ከጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ሥር፦
ሟቹ ሳንቶስ ባኤሣ ናቸው። ይቅርታ።
አርባ ጊዜ አነበበችው።
ከዚያ የቀሩትን ዐሥር ሟቾች አወጣች፣
ለየቤታቸው ደወለች፦
«ስማቸው እንዴት ነው የሚጻፈው?»
የሦስቱ ተሳስቷል።
ሦስቱም ቤት አይቶ ዝም ብሏል፤
አንደኛው «ለኛ ዓይነቱ ይበቃል ብለን ነው» አላት።
ያን ማታ እራት አልበላችም።

ቅዳሜ፣ ዓሣ ተራ።
ሻጩ አንድ ሜርሉሳ ከጋዜጣ ላይ አነሣ፤
ገጽ ሁለት ነበር። ርጥቡ ቀለም
የዓሣውን ነጭ ሆድ አትሞታል፣
ስሙ አለ፣ ተገልብጦ፣
‹ዜታ›ዋም እንደ መስታወት ውስጥ ዞራ
መልሳ ‹ኤሴ› መስላለች።

«ምን ታያለሽ?» አላት፣ ቢላዋውን እየጠረገ።
ደብተሯን ፈለገች፤ ኪሷ ውስጥ በስብሷል።
ከሚዛኑ ሥር ወረቀት ቀደደች።
«ስምህን» አለችው። «ቀስ ብለህ። ፊደል በፊደል።»