ሁለተኛዋ ካርድ

ፈድሉ ሱቅ፣ መርካቶ በር፣ ከመስታወቱ አጠገብ፣
ሁለት ካርድ ተዘርግቶ፣ ልቤ በሁለት ሐሳብ።
አንዷ አዲስ ናት፤ ማሸጊያዋ ገና ያልተቀደደ፣
ዋጋዋ ከሰርቨሬ ከራሱ የከበደ።
ሌላዋ ያገለገለች፣ ከባንክ ቤት የወጣች፣
ጀርባዋ ላይ የንብረት ቁጥር የተለጠፈባት፣ የተረሳች።

"ባትሪዋስ?" አልኩት።
ሆዷን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤
"ትንሽ አብጣለች" አለ፣ ድምፁን ቀነሰ።
"ደግሞስ ለቤት አይደል? ለቤት ይሄ ምን ያደርጋል?
አንድ ዲስክ ግዛና ፊልምህን እይበት፣ ይበቃል።"

አልነገርኩትም።

ባለፈው ሐምሌ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣
እንደ ሰካራም በር እየገፋ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ።
ጠዋት ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ…
ሰዓት ነው እንዳልል፣ ሰዓት የመጣውን ይቆጥራል፤
ይሄኛው የጠፋውን።
አሥራ አንድ ዓመት፦ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣
አባቴ በፊልም ያነሳው፣ እኔ በስካነር ያስገባሁት፣
ሄርማታ ያለው ስቱዲዮ ሙሉው።

በነሐሴ ወይዘሮ ሻምሲያ መጡ፣
ጃንጥላቸው ውሃ እያንጠባጠበ።
"የሙክታርን ጉርድ፣ ያኔ ለመታወቂያ ያነሳኸውን፣
አሳድገህ አውጣልኝ፤ ለግድግዳ ነው።"
ሙክታር በሰኔ ነው የሞተው፣ በሞተር፣ በሰቃ መንገድ፤
ስልኩም አብሮት ደቀቀ።
"ነገ ይምጡ" አልኳቸው። መጡ። ነገ አልኳቸው።
በሦስተኛው ነገ ላይ እውነቱን ነገርኳቸው።
ምንም አላሉኝ።
ጃንጥላቸውን እዚያው ቤት ውስጥ ዘርግተው ወጡ።

እንግዲህ ባትሪ፣ ባትሪ የምለው ለዚህ ነው፣ ፈድሉ።
መብራት ድርግም ሲል ገና ያልተጻፈ ነገር አለ፣
በመምጣትና በመድረስ መሃል የተንጠለጠለ፤
ባትሪዋ ያንን ቃል በአፏ ይዛ ታድራለች፣
ሲነጋ "የት ነበርኩ?" ሳትል ትቀጥላለች።
ያበጠችውን ግን አንድ ሌሊት አላምናትም።

የተቀመጥኩባት በርጩማ ሦስት እግር አላት፤
አንዱ ቢሰበር መሬት ነው፣ ሌላ ዕጣ የላት።
የኔ ዲስኮችም ሦስት ናቸው፤ ትምህርታቸው ግን ይለያል፤
አንዱ ሲሞት ሁለቱ ሒሳብ ይሠሩና
"ድርሻው እንዲህ ነበር" ይላሉ።
ዕድር ድንኳን ይተክላል፤
እነዚህ ሟቹን ራሱን መልሰው ያቆሙታል።

ካርዷስ? ካርዷ ራሷ ስትሞት?
ዲስኮቹ ጤነኛ ሆነው ዲዳ ይሆናሉ፣
የእሷን ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቁት።
ለሌላ ካርድ ብትሰጣቸው እንደ ባዳ ያያቸዋል፣
"ባዶ ናቸው፤ ልሰርዛቸው?" ብሎ ይጠይቃል።
የአዲሷን ቋንቋ የሚናገር ደግሞ
ከቆጪ እስከ ፈረንጅ አራዳ የለም፤
ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ሰው እስኪሄድ፣ ሰው እስኪመለስ…

"ፈድሉ፣ የአሮጌዋ እህት አለችህ?"
ጎንበስ አለ። የሳሙና ካርቶን ጎትቶ
ከኬብል ክምር ውስጥ አንዲት አወጣ፣ እፍ ብሎ።
"ይቺን ማንም አይጠይቃትም፤ ለመለዋወጫ ብዬ ነው።"
"እኔም ለዚያው ነው።"

ሁለቱን በአዲሷ ዋጋ ግማሽ ተስማማን፤
ባትሪውን እስካገኝ በቀጥታ ዲስክ ላይ ትጽፋለች።
ቀርፋፋ ትሁን። የሚያሳድዳት የለ።

አንዷ ማሽኑ ውስጥ፣ አንዷ መሳቢያ ውስጥ ናት፣
በፌስታል ተጠቅልላ፣ ከአባቴ የፎቶ መቁረጫ ጎን።
ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቅጂውን እህቴ ወደ አጋሮ ትወስደዋለች፤
ካርድ ከሞት ያድናል እንጂ
ከገዛ እጄ ስህተት አያድነኝም፤
ብሰርዝ ሦስቱም ታዛዥ ሆነው ይሰርዛሉ።

ማታ የመጀመሪያውን ማኅደር ከፈትኩ፤
ስሙን "ሙክታር" አልኩት። ውስጡ ምንም የለም።
ሦስቱ ዲስኮች ያንን ምንም ተካፍለው ይዘዋል፤
አንዱ ቢሞት፣ ሁለቱ ያስታውሱታል።

ማራገቢያው ግን እንደ ወፍጮ ይጮኻል።
ትርሲት ከመኝታ ቤት፣
"በሩን ዝጋው" አለች።