ማዞሪያ

ድሬ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ በዱቤ ነው፤
ፍየሎቹ ቀድመው ከፉርጎው ሥር ወስደው
ለእኔ የተረፈኝ የለገሃር ግንብ ሥር አንዲት ስንዝር ነው።
ደብተሬ ጭኔ ላይ፤ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ አሉበት፤
አራተኛው መስመር የሚሰመርበት
አቅጣጫ ጠፍቶኛል።
መምህሩ "ለሦስቱም ቀጤ ነክ" ብሎ ነው ያለፈን።
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት ገተርኩኝ፤
ከዚያ ወዲያ ግን እጄ አለቀብኝ።

አዴር ሮብሌ መጣ ሽርጡን ሰብስቦ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሐዲድ ያዟዟረ።
"ምንድነው ነገሩ፣ ምን ሆነሃል አቦ፣
ፊትህ እንደ ከሰል እንዲህ የጠቆረ?"

ነገርኩት። ሳቀብኝ። በከዘራው ጫፍ
አንድ መስመር ጫረ።
"ይኸ ሐዲድ ነው" አለ። "ፊትና ኋላ እንጂ
ባቡር ጎን የለውም።
ከጅቡቲ አንዱ፣ ከአዋሽ አንዱ መጥቶ
ፊት ለፊት ቢገጥሙ
የትኛው ሊያልፍ ነው በየት በኩል ወጥቶ?
ተፋጠው መቆም ነው። ተፋጠው ይከርሙ።
ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ? ማዞሪያውን ሳብኩት፤
ጎን ላልነበረው ጎን ሰጠሁት።
አንዱ ገባ ወደዚያ፣ ሌላው አለፈና
ሾፌሩ ኮፍያውን አነሳልኝና
እስከ ሽንሌ ፏጨ።"

ከዘራው ዞረ ወደ ደቻቱ፣
ወደ ደረቀው አሸዋ።
"እዚያ ሜዳ ላይ አንዲት ጉንዳን ይዘህ
ዙሪያዋን ብትከባት በናፍጣ አጥር
ወዴት ትሄዳለች? ቀኙም ግራውም እስር።
በጣትህ አንሳና ከአጥሩ ውጭ አድርጋት፤
ዘመዶቿ ይላሉ፣ 'በር ሳይከፈትላት
በየት በኩል ወጣች?'
'ላይ' የሚባል ቃል ገና አልደረሳቸውም።"

"አራተኛውስ?" አልኩት።
ከዘራው ቆመ።

"እሱን አላየሁትም።
አስሊ የሞተች ሌሊት በሩን ከውስጥ ቆልፌ
እጇን ይዤ ነበር፣ ራስጌዋን ተደግፌ።
ክፍላችን ስድስት ፊት ነው፤ አራቱ ግድግዳ፣
ጣራና ወለሉ።
ሲነጋ ቆጠርኳቸው፣ አንድም የለ ቀዳዳ።
በስድስቱም አልወጣች።
እጇ ግን እጄ ውስጥ ነበር።"

ከኪሱ አወጣና ዘይት በብልቃጥ
የዛገውን እጀታ ያሸው ጀመር ቀስ ብሎ።
"ባቡሩ እኮ ቆሟል፤ ማን ሊመጣ?" አልኩት።
"ማን ሊሄድ በለኝ" አለ።

ፍየሎቹ ተነሱ፣ ጥላው ሸሽቷቸው።
እኔም ደብተሬ ላይ "ደብሊዩ" ጻፍኩኝ፣
ከፊደሉ አጠገብ ትንሽ ባዶ ትቼ፣
መስመሩን ወዴትም ሳላሰምር።