ወደ ታች

ካርቶኑ ከጉምሩክ፣ ከሦስት ሳምንት ደጅ ጥናት፣
ወጣ በመጨረሻው፣ «መጫወቻ ነው?» ከሚል ጥያቄ መዓት።
በቸርችል ጎዳና አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ለገሃርን አሻግሮ በሚያይ፣
መቀስ አጣሁና በቁልፌ ቀደድኩት፤
አረንጓዴ ሰሌዳውን ከስፖንጁ ውስጥ አገኘሁት።

ጥፍር የሚያክል ጥቁር ዐይን አለው፤
ጨረር ይረጫል፣ የእኛ ዐይን የማያየው።
ከቀይም በታች፣ ከቀለም ጠርዝ ማዶ፣
እጅ ላይ ይነጥራል፣ ይመለሳል ሄዶ።
በስልኬ ካሜራ አሾልቄ ባየው፣
ሐምራዊ ፍም ሆነ፣ ሙቀት የሌለው።

አራት ሽቦ ብቻ፤ ቀዩ ለጉልበት፣
ጥቁሩ ለመሬት፣
የቀሩት ሁለቱ ለሐሜት።
መመሪያው ይላል፦ «እጅዎን ያንሸራቱ፣
ግራ፣ ቀኝ፣ ላይና ታች፤ ይኸው ነው አራቱ።
ከስንዝር ርቀት፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይዘገዩ፣
ኮምፒዩተሩ ላይ ቀስቶቹ እስኪታዩ።»

ሞከርኩ። ግራ ስለው «ቀኝ» አለኝ።
ለካ ገልብጬው ነው፤ ደግነቱ ማንም አላየኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣
አበደ ሰሌዳው፤ ቀስት ከቀስት ተጋባ።
እጅ በሌለበት «እጅ አየሁ» ይላል፤
የፀሐይን ጨረርና የራሱን፣ ማን ከማን ይለያል?
መጋረጃ የለንም። ያንኑ ካርቶን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ፣
ቢሮው ጨለመ፤ ከአንድ ጀምሬ እንደገና ቆጠርኩ።
«መቶ ሙከራ ጻፊ» ይላል ኢዮስያስ፣ «የሳተውን ለዪበት፤»
ለክሊኒክ ቧንቧ ነው፣ ሰው ሳይነካው እንዲከፈት።

ሰማንያ ሰባተኛው ላይ በሩ ሲጥ አለ፤
የእትዬ ደብሪቱ ባልዲ ገባ፣ መወልወያው ተከተለ።
«ምነው በጨለማ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?»
«እጅ የሚያይ ዕቃ ነው» አልኳቸው፣ «ይሞክሩት አንዴ።»

በረኪና የበላው እጃቸውን ዘረጉ፣
እንደ አገሩ ሰው፣ እንደ ወጉ፣
መዳፉ ወደ መሬት፣ ጣቶቹ ወደ ደረት፣
ሕፃን ከአስፋልት ዳር እንደሚጠሩበት፣
«ና» አሉት።

ሰሌዳውም መለሰ፦ «ወደ ታች።»
በትዕግሥት ደገሙለት፦ «ና፣ ና።»
«ወደ ታች። ወደ ታች።»

«ይሄስ አማርኛ አያውቅም» ብለው ሳቁ፣
መወልወያውን ጨምቀው ወደ ኮሪደሩ ራቁ።

የመመሪያውን ሥዕል ገልጬ አየሁት፤ መዳፉ ሰማይ ያያል፣
ጣቱ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይጠቀለላል።
እንዲያ አድርጎ ሰው ቢጠራኝ፣
እኔ እንጃ፣ የሚከፋኝ ይመስለኛል።
ሰሌዳው ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው ያለ፤
እጅ ሲወርድ አየ፤ «ና» የቱ ጋ ተሳለ?

የካርቶኑን ጥግ ገልበጥ አድርጌ ቁልቁል አየሁ።
ወያላው ሰው ይጠራል መዳፉን ደፍቶ፣
ትራፊኩ ያቆማል ነጭ እጅጌ አውጥቶ።
ሴትዮዋ ስልክ ይዛ፣ ለማያያት ሰው
መንገድ ታሳያለች በጣቷ፤
አንድ ጎረምሳ ሽማግሌ ይጨብጣል፣ ግራው የቀኙን ክርን ደግፎ፣
ወገቡ ሰበር ብሎ፣ ትከሻው ተጣጥፎ።
ይህ የትኛው ቀስት ነው? ግራ ነው? ቀኝ ነው?

በሠንጠረዡ ላይ፣ ተራ ቁጥር ሰማንያ ስምንት፣
«የተሰጠው፦ ና። የተነበበው፦ ወደ ታች» ብዬ ጻፍኩበት።
«ስሕተት» የሚለውን ልሞላ እስክሪብቶዬ ወረደ፤
«የማን?» ብዬ ሳስብ፣ መብራት ሄደ።

ጥቁሩ ዐይን ጠፋ። ሊፍቱም ቆመ መሰለኝ፣
አንድ ሰው ከግድግዳ ጀርባ ይደበድባል።
ከኮሪደሩ ጫፍ፣ በስልክ ባትሪ፣
እትዬ ደብሪቱ ደረጃው አፍ ላይ ቆመዋል።
ቃል አልተነፈሱም።
መዳፉ ወደ መሬት፣ ጣቶቹ ወደ ደረት።

ባልዲውን ተቀበልኳቸውና ተከተልኳቸው፣
አራቱንም ፎቅ፣
ወደ ታች።